የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኮንዶሚኒየሙን መግቢያ ስናድስ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሃይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነን። የመግቢያው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይላጣል። በዘይት ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተላጠ። አሁን ኮሚቴው 1.20 ሜትር ድረስ ሴራሚክ ለማልበስ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ግቢያችን ከሁለት ዓመት በፊት ኮብልስቶን ተነጥፏል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ገንዘቡን ሰብስቡ፣ የግድግዳውን ሴራሚክ ግን አትግዙ። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ከመሬት በብሎኬቱ በኩል ወደ ላይ የሚሳበው ውሃ የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀርና ልስኑንና ቀለሙን እየገፋ ያስለቅቀዋል። የዘይት ቀለም ግድግዳው እንዳይተነፍስ ስለሚዘጋው ነገሩን አባባሰው። ሴራሚክም ያንኑ ያደርጋል፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይሄድና ከሴራሚኩ ጫፍ በላይ ብቅ ይላል። ያኔ የምታፈርሱት ልስኑን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ያወጣችሁበትን ሴራሚክ ጭምር ነው።

ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ በዳርቻው ሰፈሮችም የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በሐይቁ ላይ ከማላከካችሁ በፊት ደጁን ተመልከቱ። በጥያቄው መጨረሻ እግረ መንገዱን የተነሳው ኮብልስቶን እኛን ይበልጥ ያሳስበናል። ድንጋዩና ከሥሩ የሚደለደለው አሸዋ ግቢውን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ። የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነበረበት፤ አሁን እኩል ሆኖ ከሆነ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ውሃ ይጠጣል። ውሃ ልክ ይዛችሁ ለኩት። እኩል ከሆነ ከግድግዳው ሥር ግማሽ ሜትር ስፋት ያለውን ኮብልስቶን አንሡና ዝቅ አድርጋችሁ መልሱት፤ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ማፍሰሻ ቦይ እንዲሄድ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡት። ከአሸንዳ የሚወርደው ቱቦም ግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይደፋ እስከ ቦዩ ይቀጠል።

ቧንቧ አፍስሶ እንደሆነም ማጣራት ቀላል ነው። ማታ ሁሉም ቤት ውሃ ዘግቶ ቆጣሪው ይነበብ፤ ጠዋት ማንም ሳይከፍት ቁጥሩ ከጨመረ አንድ ቦታ ያፈስሳል። የፍሳሽ ቱቦ ግን በቆጣሪ አይታወቅም፤ እርጥበቱ መጸዳጃ ቤቶቹ በተደራረቡበት በኩል ብቻ ከሆነ ማንሆሉን ከፍታችሁ እዩ።

ወደ ግድግዳው የምትመለሱት ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ልስኑን እርጥበቱ ከሚታይበት መስመር 50 ሳንቲ ሜትር በላይ ድረስ አንሡና ብሎኬቱ ይገለጥ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ ከግቢ አውጡት። ብዙ ሠራተኞች በውሃ ያጥቡታል፤ ሲታጠብ ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ክፍቱን ተዉት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ከስድስት ሳምንት ባያንስ ጥሩ ነው። ኮሚቴውን የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ነዋሪው የተገለጠ ብሎኬት ማየት አይወድም፣ ግንበኛውም ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ይፈልጋል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን ግን ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይላጣል።

አዲሱ ልስን 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራ፣ 6 እጅ አሸዋ ይሁን። ሲሚንቶ ሲበዛ ልስኑ ይጠነክራል፣ ግን አይተነፍስም፤ ይሰነጠቃልም። አሸዋውን ሳትረከቡ ፈትኑት፦ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ናጡት፣ አሳድሩት። ከላይ የሚዘቅጠው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ፣ ካልሆነ ይመለስ። ጂብሰም ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ አይነካ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ይልማል። ቀለሙ በኖራ የተሠራ ወይም እርጥበት የሚያሳልፍ ይሁን። ለመጥረጊያና ለባልዲ ውሃ መከላከያ 10 ሳንቲ ሜትር ዞኮሎ (ከግድግዳው ግርጌ የሚለጠፍ ጠባብ ንጣፍ) ይበቃል።

ግድግዳውን እየበሱ ውሃ መከላከያ ፈሳሽ እናስገባ የሚል ባለሙያ ከመጣ የት እንደሚበሳ ጠይቁት። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ እሱ ላይ የገባ ፈሳሽ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሊረዳ የሚችለው ከታች ባለው የሲሚንቶ መጋጠሚያ ላይ ከገባ ነው።

ጥያቄ፦ የመግቢያው ወለል ሊሾ ነው፤ 4.20 በ3 ሜትር ይሆናል። የሚያብረቀርቅ 60 በ60 ፖርሰሊን ልናነጥፍበት ነው። ደረጃው ለጊዜው ይቆያል። ስንት ካርቶን እንግዛ?

መልስ፦ ስፋቱ 12.6 ካሬ ሜትር ነው። ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር 13.86 ይሆናል። አራት ፍሬ የያዘ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ይሸፍናልና 10 ካርቶን ግዙ። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን መጋዘን ውስጥ አረጋግጡ፤ ቁጥሩ ሲለያይ መልኩም ይለያያል። ኮላ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ይፈጃል፤ ባለ 25 ኪሎው 3 ከረጢት ያደርሳችኋል።

የሚያብረቀርቀውን ግን ተዉት። በዝናብ ቀን ከግቢው ጭቃና ውሃ ይዘው የሚገቡ አረጋውያንና ሕፃናት ይንሸራተቱበታል። ፊቱ ሻከር ያለ፣ አር 10 (R10) የሚል የአለማንሸራተት መለያ ያለበትን ፈልጉ።

ደረጃው መቆየቱ ግን ያሳስበናል። ፖርሰሊኑ ከነኮላው ወለሉን 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። 17 ሳንቲ ሜትር የነበረው የመጀመሪያው ደረጃ 15.5 ሲሆን ሌሎቹ 17 እንደሆኑ ይቀራሉ። እግር የደረጃን ልክ ይለምዳል፤ ይህቺው ትንሽ ልዩነት በተለይ በጨለማ ሲወርዱ ትጥላለች። በተገላቢጦሹ ደረጃው ተነጥፎ ወለሉ ቢቀር የመጀመሪያው 18.5 ይሆናል። ስለዚህ ወይ መግቢያውን፣ ደረጃውንና የየፎቁን ማረፊያ በአንድነት አንጥፉ፣ ወይ የመግቢያውን ሊሾ ቆፍራችሁ ፖርሰሊኑን በቀድሞው ከፍታ አሳርፉት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ አቧራው ግን ብዙ ነው። በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ከሆነ ሥሩ ወለሉን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ለኩ።

ጥያቄ፦ የመብራት ቆጣሪዎቹ መግቢያው ላይ ተደርድረው ገመዱ ተንጠልጥሏል። በጂብሰም ቦርድ ሸፍነን ማስዋብ እንችላለን?

መልስ፦ አትሸፍኑት። ቆጣሪው መነበብ አለበት፤ እሳት ቢነሳም ብሬከሩ ጋ በቶሎ መድረስ ያስፈልጋል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ገመድና የታሸገውን ክፍል የሚነካው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ግን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ በፒቪሲ ቱቦ አስገብታችሁ፣ የአየር ቀዳዳ ያለው የላሜራ በር ግጠሙለት፤ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ይሁን።