ሎተስ በስንት ሰዓት ይጎበኛል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ሐምሌ ከልጆቼ ጋር ዋሽንግተን ዲሲ ወደሚገኘው የኬኒልዎርዝ የውኃ ዕፅዋት ሥፍራ ከሰዓት በኋላ ሄደን ብዙዎቹ የሎተስ አበቦች ተከድነው፣ ነፍሳቱም ጥቂት ሆነው አገኘናቸው። ያልተስማማን ወሩ ነው ወይስ ሰዓቱ?

መልስ፦ ወሩን በሚገባ መርጠዋል፤ በዚያ ሥፍራ ሎተስ በብዛት የሚያብበው በሐምሌ አጋማሽ አካባቢ ነው። ያልተስማማዎት ሰዓቱ ነው፤ ምክንያቱም አበባው ማለዳ ተከፍቶ ቀትር ሲቃረብ መከደን ይጀምራል። ልጆችን በእረፍት ቀን በማለዳ መቀስቀስ ቀላል እንዳልሆነ ብንረዳም፣ በሩ እንደተከፈተ መግባት ይሻላል።

አንድ አበባ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን በመካከሉ ባለው ቢጫ ክፍል ላይ የሚታዩት ጫፎች እርጥበት ያላቸውና የአበባ ብናኝ (ፍሬ ለማፍራት የሚያስፈልገውን ዱቄት) ለመቀበል የተዘጋጁ ናቸው፤ የራሱን ብናኝ የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ንቦች ሲርመሰመሱ ለማየት በሰፊው የተከፈቱትን አበቦች ይፈልጉ። ከሁሉ የሚያስገርመው አበባው የራሱን ሙቀት ማመንጨቱ ነው፦ አየሩ ቢቀዘቅዝም ውስጡ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሙቀቱና መዓዛው የሚስባቸው ጢንዚዛዎች አበባው ሲከደን ውስጡ አድረው፣ በማግስቱ ብናኝ ተሸክመው ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን አበባ ልጆቹ ሳይነኩ ከመተላለፊያው ላይ ሆነው ይመልከቱት።