ዝዋይ ላለ ወንድም ደብዳቤ መጻፍ

ጥያቄው የመጣው ወሎ ካለችው ከወገል ጤና ከተማ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠራ ተከሶ ተፈረደበት፤ አሁን ዝዋይ ማረሚያ ቤት ነው። እናታችን ወገቧን ስለሚያማት መንገዱን አትችለውም፣ እኔም የምታጠባ ሕፃን አለችኝ። በፖስታ ሁለት ጊዜ ጻፍንለት፣ መልስ የለም። ለእስረኛ መጻፍ ይፈቀዳል ወይ? ያነቡታል? የአባታችንን ቤት ውርስ በተመለከተ ‹እህቴ ትወክለኛለች› ብሎ በደብዳቤ ቢጽፍልኝ ይበቃኛል? ስለ ይግባኙም ልጽፍለት እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ አብሽሪ። መጻፍ ይፈቀዳል። ማንም ሲፈልግ የሚሰጣችሁ፣ ሲያሻው የሚከለክላችሁ ችሮታም አይደለም፤ መብት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰረም ሆነ የተፈረደበት ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ ያዛል። አንቺና እናትሽ የቅርብ ዘመድ ናችሁ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አንቀጽ 26 ደግሞ በፖስታ የሚጻጻፉት ነገር እንዳይደፈር ይጠብቃል። ይህን የምነግርሽ በር ላይ አንድ ሰው «ደብዳቤ አንቀበልም» ቢልሽ ተደናግጠሽ እንዳትመለሺ ነው።

ያነቡታል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሊያነቡት ይችላሉ። አንቀጽ 26 ራሱ ለደኅንነትና ወንጀልን ለመከላከል ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም ያጸደቃቸውና የማንዴላ ደንቦች የሚባሉትም እስረኛ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ጋር በደብዳቤ እንዲገናኝ ሲያዙ፣ አስፈላጊው ቁጥጥር ሊኖር እንደሚችል አይክዱም። በእኔ እምነት ከፍቶ ማየት አንድ ነገር ነው፣ የእናትን ደብዳቤ ምክንያት ሳይነግሩ መሳቢያ ውስጥ ማስቀረት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቁጥጥር ነው፣ ሁለተኛው መብት መንጠቅ ነው።

ስለዚህ ስትጽፊ አንድ የማታውቂው ሰው አብሮ እንደሚያነብ ቆጥረሽ ጻፊ። ይህ ማለት ፈርተሽ ጻፊ ማለት አይደለም። ናፍቆቱን፣ የእናትሽን ምርቃት፣ ሕፃኗ መዳህ መጀመሯን፣ የምስሩ አዝመራ እንዴት እንደሆነ እንደልብሽ ጻፊው። ችግር የሚያመጣው ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ነው። ለምሳሌ «ያ ዕቃ መጥቷል፣ ሰውዬው ግን ገና አልከፈለም፣ አንተ ዝም በል» ብለሽ ብትጽፊ፣ አንቺ የወፍጮውን ቀበቶ እያሰብሽ ይሆናል፤ የሚፈትሸው ፖሊስ ግን ምን እንደሚያስብ አንቺው ገምቺ። ዕቃውን በስሙ ጥሪው። «የወፍጮው ቀበቶ ከደሴ መጥቷል» በይ፣ አለቀ።

ደብዳቤ በስንቅ ውስጥ መላክን በፍጹም አታስቢው። በሶ ውስጥ ቀብረው፣ ኮት ገበር ውስጥ ሰፍተው የሚልኩ አሉ። ሲያዝ የሚቀጣው እሱ ነው፣ ጥፋቱም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ቅጣቱን ሳይጨርስ በአመክሮ ለመፈታት ሲጠይቅ ያ ወረቀት ፊቱ ይቆማል፤ ምክንያቱም የወንጀል ሕጉ አመክሮ የሚፈቅደው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለጨረሰና ጠባዩ ለተመሰከረለት ሰው ነው። ገንዘብም ፖስታ ውስጥ አትክተቺ። ለእሱ የሚሆን ብር ካለ፣ የሚጠይቀው ሰው ሲሄድ በማረሚያ ቤቱ በኩል በደረሰኝ ያስገባለት።

አሁን ወደ ሁለቱ ደብዳቤዎች እንመለስ። መልስ ስላልመጣ ተከልክሏል ብለሽ አትደምድሚ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ፖስታው ላይ የጻፉት የልጁን ስምና የአባቱን ስም ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። በአንድ ማረሚያ ቤት ውስጥ ስንት መሐመድ አሊ፣ ስንት ደሳለኝ አበበ እንዳለ አስቢው። ስሙን እስከ አያት ጻፊ፣ በማረሚያ ቤቱ ውስጥ የሚገኝበትን ዞን ጻፊ፣ የፍርድ መዝገቡን ቁጥር የምታውቂ ከሆነ እሱንም ጨምሪ። ከጀርባው የራስሽን ሙሉ ስምና መልስ የሚደርስበትን የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስፍሪ። የራስሽ ሣጥን ከሌለሽ የትምህርት ቤት ወይም የምታምኚው መሥሪያ ቤት ሣጥን ጠይቂና «በእገሌ በኩል» ብለሽ ጻፊ። እኛ አገር ፖስተኛ ቤት አያንኳኳምና ይህ ከሌለ እሱ ቢመልስም ወረቀቱ አንቺ ጋ አይደርስም።

በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ ፖስታ ቤቱ መዝግቦ የሚልከው ማለት ነው። ከተራው ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ደረሰኝ ይሰጡሻል። ያቺን ደረሰኝ እንደ መሬት ደብተርሽ ጠብቂያት፤ ነገ አቤቱታ ብታቀርቢ «ልኬያለሁ» የምትዪው በእሷ ነው። ሌላም ነገር አለ። ፖስታው ውስጥ ሁለት ባዶ ወረቀትና አድራሻሽ የተጻፈበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት ትርፍ ፖስታ አጣጥፈሽ ጨምሪለት። ቴምብር የሚገዛበት ሳንቲም ያጣ ብዙ ታራሚ አለ። ያንንም መጠየቅ የሚያፍር አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ፊት አለኝ ለእናቴ የምጽፈው» ብሎ ነው ዝም የሚለው። ልጁ አፍሮ ከሆነ በሕግ አንቀጽ አይፈታም፤ እናትሽ የምትለውን ሳታሳምሪ፣ በራሷ አነጋገር ጻፊለት።

ውክልናውን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ፣ ደብዳቤ አይበቃም። የወንድምሽ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አገር ቢመሰክር እንኳ ፍርድ ቤት «የተረጋገጠ ውክልና አምጪ» ይልሻል። ውክልና ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፊት ተፈርሞ መመዝገብ አለበት። ታራሚ መውጣት ስለማይችል ሠራተኛው በማመልከቻ ተጠይቆ፣ ከማረሚያ ቤቱ ጋር ቀጠሮ ተይዞ እዚያው ድረስ ሄዶ ያስፈርማል። በደብዳቤ የምትነግሪው ይህንኑ ነው፦ «ውክልና እንድትሰጠኝ እፈልጋለሁ፣ ለአስተዳደሩ ማመልከቻ ጻፍ» በይው። የአንቺን ሙሉ ስም መታወቂያሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ላኪለት፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት እንደገና መመላለስ ነው።

የውክልናው ቃልም አጠቃላይ እንዳይሆን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ ክስ ለማቅረብም ሆነ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «በሁሉም ነገር ትወክለኝ» የሚል ወረቀት ይዘሽ ብትቀርቢ ቤቱን ማስተዳደር እንጂ ክርክሩን ማድረግ አትችዪም። እህቱ ስለሆንሽ የጥብቅና ፈቃድ ባይኖርሽም ወክለሽው መቆም ትችያለሽ፣ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ቤቱን ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ግን ነገ ዛሬ አትበዪ። ወራሽ ነኝ ብሎ የውርሱን ንብረት ከያዘው ሰው ላይ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ፣ መብትሽንና ንብረቱ መያዙን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ወንድምሽ ታስሯል ብሎ ጊዜው ይቆምልኛል ብለሽ አትተማመኚ።

ይግባኙን በደብዳቤ አታውሩት። ምስክር ምን እንዳለ፣ ማን ምን ሊል እንደሚችል፣ «እገሌን አነጋግረነዋል» የሚል ነገር ከወረቀቱ ይውጣ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ምስክር ማባበል ተብላ ሌላ ክስ ልታመጣ ትችላለች። የጠበቃ ደብዳቤ ግን ከእናንተው ይለያል። የማንዴላ ደንቦች እስረኛ ከሕግ አማካሪው ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ሳይዘገይ፣ ሳይጠለፍና ሳይመረመር በምስጢር እንዲሆን ይጠይቃሉ። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 61 የታሰረ ሰው ጠበቃውን እንዲያነጋግርና ከጠየቀ መጻፊያ እንዲሰጠው ደንግጓል። ከ60 ዓመት በፊት የወጣ ሕግ ለእስረኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ማሰቡ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በዚያው ሕግ ይግባኝ ለማለት ማስታወቂያው ፍርድ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ነው የሚቀርበው። ፍርዱ መቼ እንደተሰጠ አልነገርሽኝም። ጊዜው አልፎም ከሆነ፣ የዘገየው በእሱ ጥፋት ካልሆነ ይግባኙን ከጊዜ ውጭ ለማቅረብ ማስፈቀድ ይቻላል። ታራሚ ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማስገባት ስለሚችል፣ እሱ ራሱ ዛሬውኑ ይጠይቅ።

አሁን ሦስተኛውን ደብዳቤ እንዳልኩሽ አድርገሽ በአደራ ላኪ። በቂ ጊዜ ጠብቀሽ መልስ ካጣሽ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ማመልከቻ ጻፊ፦ መቼ እንደላክሽ፣ ለማን እንደላክሽ፣ ደርሶት ከሆነ ወይም ተይዞ ከሆነ ከነምክንያቱ እንዲገለጽልሽ። ቁጣ አትጨምሪበት፣ የአንድ ገጽ ግማሽ ይበቃል። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ኮፒ አያይዢ። ዝም ካሉሽ ወደ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሂጂ፤ ይህ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን የመጎብኘትና የመመርመር ሥልጣን አለው። ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ የአገር ልጅ ካገኘሽ ማመልከቻውን በእጅ ያስገባልሽ፤ በሁለት ኮፒ አድርጊውና አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርጎ ይመልስልሽ።