አባቴ ወዶ ነው የሄደው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ እትዬ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው፣ ሄርማታ። አባቴ የኤርትራ፣ የመንደፈራ ሰው ነበር። በልጅነቱ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ መጣ፣ ቀስ በቀስ መካኒክ ወጣው፣ እናቴን አጋሮ አግኝቶ አገባት። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ክረምት አንድ ማታ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም። በ2010 ስልክ ሲከፈት ነው ድምፁን የሰማሁት። ዓምና አስመራ ውስጥ አረፈ። ዘመዶቹ ዕቃውን ሲልኩልኝ ለ1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) ያወጣው የኤርትራ መታወቂያ አብሮ መጣ። የእናቴ ወንድም መታወቂያውን አይቶ «ይኸውልህ! አባትህን ማንም አላባረረውም፣ በገዛ እጁ መርጦ ነው የሄደው» አለኝ። እናቴ ደግሞ ዝም ነው የምትለው። ያን ሰሞን፣ ሊመርጥ ሲል፣ አባቴ ምን ይሰማው ነበር? እኛንስ አስቦን ይሆን?

የመካኒኩ ልጅ፣ ከጅማ

መልስ፦

አባትህን ነፍስ ይማርልኝ ልጄ። በመጀመሪያ አጎትህ የደባለቃቸውን ሁለት ነገሮች እንለያይ።

ሪፈረንደሙ የተካሄደው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ነው። አባትህ የተወሰደው በ1990 ክረምት ነው። በመሃል አምስት ዓመት አለ። በነዚያ አምስት ዓመታት አባትህ የት ነበር? ጅማ፣ ከእናንተ ጋር። ሊሄድ የመረጠ ሰው ቢሆን ኖሮ በነጋታው ዕቃውን በሸከፈ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር፣ የሚከለክለውም አልነበረም።

ስለ መታወቂያውም ላስረዳህ። ድምፅ ለመስጠት መጀመሪያ የኤርትራ መታወቂያ ማውጣት ግድ ነበር። ያኔ ይህ የሚደረገው በድብቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት እያወቀ፣ ተስማምቶበት፣ እዚሁ አገር ውስጥ ነው ድምፅ የተሰጠው። «ይህን ከያዝክ ያኛውን ትጥላለህ» ያላቸው የለም። ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ መጓዙን ቀጠለ። መታወቂያው እንደ ጥፋት የተቆጠረው ጦርነቱ ሲነሳ ነው። ያኔ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወጣ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ «ሪፈረንደም ላይ መርጠሃል» የሚል ነበር። በኋላ ሄግ የተሰየመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በ1997 ጉዳዩን አየው። ለሪፈረንደሙ የተመዘገቡት የኤርትራ ዜግነት አግኝተዋል፣ ኢትዮጵያዊነታቸው ግን በዚያው አልጠፋም፣ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ኢትዮጵያ ለደኅንነቷ ያሰጓትን አጣርታ ማስወጣት ትችል ነበር ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ውጭ የብዙዎችን ዜግነት እንዲሁ መንጠቋን ግን ስህተት ነው ብሏል። ይህን ለአጎትህ በደንብ ንገረው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ።

አባትህን አላውቀውም። ያኔ ግን ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር አስተማሪ ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ ከአስመራ የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏ የሊሙ ሰው ነው። ሁለት ወንድሞቿ ለኤርትራ ነፃነት ሊዋጉ ሜዳ ወጥተው አንደኛው አልተመለሰም። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ በ1980 ኤርትራ ውስጥ አፍዓበት ውጊያ ላይ የቀረባቸው እናት ነበሩ። ሁለቱ ከአንድ ጀበና ይጠጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ማታ በሯን ዘግታ በአጭር ሞገድ የአስመራን ሬዲዮ ታዳምጣለች። ጠዋት ግን በእማማ ፊት ስለ ሪፈረንደም ትንፍሽ አትልም። ደስታዋን ልትሸሽግ ስትጣጣር ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ እናቷን ልታይ ነው፣ በዚያ ላይ ታሪክ ሊሠራ ነው። ይህን ሁሉ ይዛ ግን ልጃቸውን ያጡ ሴት ፊት ተቀምጣ ስኒ ታቀብላለች።

አንድ ቀን ዝምታውን የሰበሩት እማማ ራሳቸው ናቸው። ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና «ምረጪ ልጄ» አሏት። «የኔ አንዴ ሄዷል። የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሄድ ብቻ።» ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ያቺ ሴት ስትመዘገብ ምን እንደምታስብ ስለነገረችኝ አውቃለሁ። «እምቢ ብዬ በየት ዓይኔ እናቴን አያታለሁ?» አለችኝ። ያለቀው ሰው በዓይኗ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የቆየ የነፃነት ጦርነት ነው። አስበው፤ የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በ1955 ሲፈርስ ሕፃን የነበረ ሰው በ1983 ጦርነቱ ሲያበቃ የልጆች አባት ሆኗል። ለሷ «እሺ» ማለት የሞተው ወንድሟን መቅበር ማለት ነበር፤ አስከሬኑን አላገኙትምና። ይህን ብላኝ ሳትጨርስ ደግሞ «ግን ከመረጥኩ በኋላ እዚህ ምን ልባል ነው? እንግዳ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። መታወቂያውን ስታወጣ ያስቀመጠችው የሲንጀሯ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ። ክርና መርፌ ስትፈልግ ሁለቱንም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣቸዋለች፣ ስትጨርስ ሁለቱንም ትመልሳቸዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ያን ጊዜ አስመራ የሚገበያዩት በብር ነበር። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ የመጣው በ1990 ነው። የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ይገባል። ሁለቱ መንግሥታት ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ያኔ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ድንበሩ አንድ ቀን ይዘጋል፣ ስልክ እንኳ ይቋረጣል ብሎ እንዴት ያስብ? ልብስ ሰፊዋ «ለፋሲካ እዚያ፣ ለመስቀል እዚህ» እያለች ነበር የምታቅደው። አባትህም ከመንደፈራ ዘመዶቹ ወደ ሄርማታ የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። እናንተን አስቦ ይሆን ብለሃል። እናንተን የሚያሳጣው ነገር መሆኑን ማን ነግሮት? ጥያቄው ላይ «ሚስትህን ትተዋለህ ወይ» የሚል አልነበረም። ከልጅህ ጋር ለመኖር ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀውም የለም።

ሁሉም እንደሷ አልነበረም። ባልደረባዬ የነበረ የከረን ልጅ «እኔ ሌላ አገር የለኝም» ብሎ ሳይመዘገብ ቀረ። ዘመዶቹ ኮረፉት። በ1990 እሱም በሩ ሲንኳኳ መደንገጡ አልቀረለትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድምፅ ከሰጡት ወደ 57 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች 204ቱ «እምቢ» ብለዋል። ብዙ ጊዜ እነዚያን 204 ሰዎች አስባቸዋለሁ። ሁሉም በአንድ ወገን ሲጎርፍ ብቻቸውን ወዲያ ማዶ የቆሙ ናቸው። ሌላውም ቢሆን በፍርሃት ወይም በይሉኝታ ብቻ መረጠ አልልም፤ አብዛኛው ከልቡ ነው የመረጠው።

እና አባትህም ከልቡ ፈልጎት ሊሆን ይችላል። ይህን ልሸፋፍንልህ አልፈልግም። መንደፈራ የተወለደ፣ ዘመዶቹን በጦርነት ያጣ ሰው የአገሩን ነፃነት ቢፈልግ ምን ነውር አለው? እኔ ያኔ አገር ተቆረሰች ብዬ አልቅሻለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የልብስ ሰፊዋን ደስታ ግን አልነቀፍኩባትም። አባትህ ኤርትራን መውደዱ አንተን ካለመውደድ ጋር አይገናኝም። ሁለቱን የሚያጣላቸው ጦርነቱ ነው፣ እሱ አይደለም።

አጎትህን ግን አትጣላው። ባሏ የተወሰደባትን እህቱን፣ ትንንሽ ልጆቿን ያን ጊዜ የተሸከመ እሱ ይሆናል። ንዴቱን የሚወረውርበት አጥቶ ሟቹ ላይ ጣለው።

እናትህን ግን ጠይቃት፣ አሁኑኑ፣ ጤናዋ ደህና ሳለ። «ለምን መረጠ?» ብለህ አትጀምር። ሊመዘገብ ከማን ጋር ሄደ? ምን ለብሶ ነበር? ስንቅ ቋጥራለት ነበር? ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? ከዚያ ጀምር፤ ቀሪውን ራሷ ታመጣዋለች። ዕቃውን የላኩልህን ዘመዶችም በስልክ አነጋግራቸው። ስለ ጅማ ምን ያወራ እንደነበር እነሱ ያውቃሉ፤ አንተ ያላየኸውን ከሃያ በላይ ዓመት የኖረው ከነሱ ጋር ነው።

መታወቂያውን ላሚኔት አታስደርገው፤ ይበላሻል። በወረቀት ፖስታ አድርገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ልጆች ካሉህ አሳያቸው። አያታቸው ነው።

ጥያቄ፦

በ1985 ኤርትራውያን የተጠየቁት «ነፃነት ወይስ ባርነት» ተብለው ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ለምንስ ሌላ ምርጫ አልተሰጣቸውም?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦

ወረቀቱ ላይ «ባርነት» የሚል ቃል አልነበረም። የተጠየቁት ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ይፈልጉ እንደሆነ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። አባባሉ የተለጠፈው ሦስተኛ መንገድ ስላልነበረ ይመስለኛል። ፌዴሬሽን የሚል አማራጭ አልቀረበም። በ1945 የተጀመረው ፌዴሬሽን እንዴት እንደፈረሰ ያየ ኤርትራዊ ያን አማራጭ ቢቀርብለትም ይመርጠው ነበር ብዬ ግን አላምንም።

ድምፅ የሰጡት 18 ዓመት የሞላቸው ኤርትራውያን ብቻ ናቸው። 99.8 በመቶው «አዎ» አለ። «አይደለም» ያሉት በጠቅላላው 1,822 ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ምርጫው ነፃና ትክክለኛ ነበር ብለዋል።

ሌላው ኢትዮጵያዊ አልተጠየቀም፤ ቁጭቱም ከዚያ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በታኅሣሥ 1985 ሪፈረንደሙን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ተኩስ ተከፍቶባቸው ሰው ሞቷል። እኛም ጅማ ሆነን ዜናውን ሰምተን አዝነናል። የዚያን ዘመን ነገር ስታጠና ሁለቱንም ወገን ጠይቅ፤ በተለይ ድምፅ የሰጡትን አዛውንቶች። ጅማ ውስጥ ዛሬም አሉ።