«ከጦር ሠራዊት ጋር ውል አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆች፣ ሥራ ስትፈልጉ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ዓመት ፈቃዱ፣ ከቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ ሁሉ ትጠይቃላችሁ። አንዷን ጥያቄ ግን አብዛኞቻችሁ ትዘሏታላችሁ። ይሄ ኩባንያ ከጦር ሠራዊት ጋር ውል አለው ወይ? ዕድሜዬን በኢንጂነሪንግ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለዚህ ነገር ትንሽ ላውራችሁ። ግቡም አትግቡም አልላችሁም። አገር መከላከያ ያስፈልጋታል፣ ለመከላከያ መሥራትም በራሱ ነውር አይደለም። የሚከፋኝ ሳይጠይቁ ገብተው ኋላ ላይ «እኔ እኮ ኮድ ብቻ ነው የጻፍኩት» የሚሉ ሲበዙ ነው።

ደግሞ «ንጹሕ ሲቪል» የሚባለውን ነገር ብዙ አትመኑት። ቦይንግ መንገደኛ የሚያጓጉዘውንም ተዋጊውንም አውሮፕላን ይሠራል። ሮልስ ሮይስ ለአየር መንገዶች ሞተር ይሸጣል፣ የብሪታንያ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ሪአክተርም የእሱ ሥራ ነው። አይሮቦት ቤት የምትጠርገውን ሩምባን እየሸጠ በጎን ለወታደር ፈንጂ የሚያመክን ሮቦት ያቀርብ ነበር፤ ወታደራዊ ክፍሉን የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስም ቢሆን መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ሥራ ነው። ስለዚህ ኩባንያውን በስሙ ወይም በማስታወቂያው አትመዝኑት። ውሉን እዩ።

ውል ደግሞ እናንተ ከገባችሁ በኋላም ይመጣል። ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የማይክሮሶፍትን ሆሎሌንስ ውሰዱ፣ ዓይን ላይ የሚደረገውን መነጽር ማለቴ ነው። ሲሠሩት ከነበሩት ኢንጂነሮች ብዙዎቹ ለግንባታ ባለሙያ፣ ለቀዶ ሕክምና ትምህርት ይሆናል ብለው ነበር የሠሩት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ከአሜሪካ ጦር ጋር 480 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ፈረመ፣ መነጽሩም ለውጊያ ሊውል ሆነ። ሠራተኞች በ2019 መጀመሪያ ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ኩባንያው ግን ውሉን አልተወም። አስቡት፣ እነዚያ ልጆች ሲቀጠሩ «ይሄ መነጽር ለውጊያ ይውላል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ እንኳ መልሱ ምናልባት «አይ» ይሆን ነበር፣ የመለሰውም ሰው የዋሸ ላይመስለው ይችል ነበር።

ቃል ኪዳንም ቢሆን ያው ነው። ጉግል ለፔንታጎን በድሮን የተቀረጸ ቪዲዮ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚተነትን ፕሮጀክት ሜቨን የሚባል ሥራ ይዞ ነበር። በ2018 ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ፈርመው ተቃወሙ፣ ሥራ የለቀቁም ነበሩ፣ ኩባንያውም ውሉን እንደማያድስ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ለጦር መሣሪያ የሚውል ቴክኖሎጂ አንሠራም የሚል መርሕ አወጣ። ወጣቱ አጨበጨበ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ያቺ ዓረፍተ ነገር ከመርሑ ውስጥ ወጣች። ማንም ሕግ አልጣሰም። ኩባንያ የጻፈውን መርሕ ኩባንያው ራሱ ሊያነሳው ይችላል፣ እናንተ ደግሞ በዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ ከፋይ፣ ምናልባትም የልጅ አባት ወይም እናት ትሆናላችሁ፤ ያኔ «እለቃለሁ» ማለት እንደ ሃያ ሦስት ዓመት ልጅነት ቀላል አይደለም።

«ውሉ ትንሽ ነው፣ ከገቢያችን ኢምንት ነው» የሚሏችሁም አሉ። ዳው ኬሚካል በቬትናም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ናፓልም የሚባለውን ተቀጣጣይ የጦር መሣሪያ ያቀርብ ነበር፤ ከሽያጩ በጣም ትንሹ ክፍል ነበረች። ስሙን ያጠለሸችው ግን እሷ ናት። ተማሪዎች ግቢያቸው ድረስ ሠራተኛ ሊመለምሉ የመጡትን የኩባንያውን ሰዎች ነበር የሚቃወሙት፣ ማለትም ከናፓልሙ ጋር ምንም ግንኙነት ሊኖረው የማይችለውን የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ።

በነገራችን ላይ ወታደራዊ ውል ሁልጊዜ ትርፍ ይመስላችኋል አይደል? ቦይንግ በ2011 ያገኘው፣ አየር ላይ ለሌሎች አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚሞላ አውሮፕላን የመሥራት ውል ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ስለነበር ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አክስሮታል። እንዲህ ሲሆን ጫናው ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው ሠራተኛው ላይ ነው።

እንግዲህ ኢንተርቪው ላይ ምን ትላላችሁ? በጨዋ ቋንቋ፣ ሳትፈሩ ጠይቁ። የምገባበት ቡድን ደንበኛው ማን ነው? ወደ ወታደራዊ ፕሮጀክት ብመደብና ባልፈልግ ሌላ ቡድን መሄድ እችላለሁ ወይ? ይሄ በጽሑፍ አለ ወይስ የማኔጀሩ ፈቃድ ነው? የሠራሁትን ነገር ሲቪዬ ላይ መጻፍ እችላለሁ? ይቺኛዋ ቀላል እንዳትመስላችሁ፣ ምስጢራዊ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቶ ለቀጣዩ ቀጣሪ የሚያሳየው ነገር ማጣት አለ። ውጭ አገር የምትሠሩ ደግሞ ዜግነታችሁን አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት ሕጉ ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት የሌለውን የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ቴክኒካል ሰነድ እንዳያይ ይከለክላል፣ ስለዚህ አንድ ቢሮ ተቀምጣችሁ ግማሹ ስብሰባ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

መልሱን ስትሰሙ ለዩት። «መናገር አልችልም» ያላችሁ ሰው ቢያንስ ነገሩ እንዳለ ነግሯችኋል፣ እኔ እንደዚህ ያለውን ሰው አከብራለሁ። «ኧረ ስለሱ አትጨነቁ» ካላችሁ ግን ጥያቄውን ድገሙት፣ ከተቻለም በኢሜይል።