ዴንጊን በሞለኪውላር ቢከን ስለማየት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ "ለማስተርስ ቴሲሴ የዴንጊን አርኤንኤ በህይወት ባለ ሴል ውስጥ በሞለኪውላር ቢከን ማየት ፈልጌ ነበር፣ አዲስ አበባ ሆኖ ይቻላል ወይ" ላልሽው፣ ይቻላል፣ እኔ አራት ኪሎ ሆኜ ሰርቼዋለሁ። ርዕስሽም ጥሩ ነው፣ ትንኝ የሚያስተላልፈው ዴንጊ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታየ ወዲህ የራሳችን ጉዳይ ሆኗል። ቢከን ምን እንደሆነ ብታውቂም በአጭሩ፣ ታጥፎ የተዘጋ አጭር ሰው ሰራሽ ዲኤንኤ ነው፣ የሚፈልገውን አርኤንኤ ሲያገኝ ተከፍቶ ያበራል።

1. ከማዘዝሽ በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። ዲዛይኑ ቀላሉ ነው፣ ሉፑን (አርኤንኤውን የሚይዘውን መሃሉን) ከ15 እስከ 30 ቤዝ፣ ስቴሙን (አጥፎ የሚይዘውን ሁለት ጫፍ) ከ5 እስከ 7 ጥንድ አድርገሽ አንዱ ጫፍ ላይ ፋም (አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) ሌላው ላይ ኩዌንቸር (ቢከኑ ሲታጠፍ ብርሃኑን የሚያፍን) ታስደርጊያለሽ። እኔን ያቃጠለኝ ኢንቮይሱ ነው። ሻጩ "የዴንጊ ቫይረስ ፕሮብ" ብሎ ጽፎት መሃል ከተማ ያለ አንድ መስሪያ ቤት ቫይረስ ልታስገቢ ነው ብሎ ያዘብኝ፣ ኧረ በማሽን የተሰራ ዲኤንኤ ነው ማንንም አያሲዝም ብል ማን ይስማኝ። ሰውየው ቁጭ በይ እንኳን ሳይለኝ ቱቦዋን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ አያትና "ባዶ ናት እኮ! ለባዶ ብልቃጥ ነው ይሄ ሁሉ ዶላር?" አለኝ ሰው በተሰለፈበት። ደርቆ የሚመጣ ኦሊጎ (እንዲህ ያለ አጭር ዲኤንኤ) ቱቦው ግርጌ ላይ በአይን አይታይም፣ ያንን ላስረዳው ስል አቋርጦኝ "ነገ ተመለሺ"፣ ፋም ብርሃን እንደማይወድ እያወቅኩ ቱቦዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ሻጩን "ሰው ሰራሽ ኦሊጎኑክሊዮታይድ፣ ተላላፊ ያልሆነ፣ ለምርምር ብቻ" ብለህ ጻፍልኝ በይው፣ ከዲፓርትመንትሽም ይሄንኑ የሚል ማህተም ያለው ደብዳቤ ያዢ።

2. ቱቦውን ሳትከፍቺ ሴንትሪፊዩጅ አድርጊ፣ አለዚያ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ይቀርብሻል። በተራ ውሃ ሳይሆን ፒኤቹ 8 በሆነ ቲኢ በፈር አሟሚው፣ ፋም አሲድ ሲነካው ይደበዝዛል። በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ ፎይል ጠቅልለሽ ፍሪዘር አስገቢ።

3. አረንጓዴ ያበራ ሁሉ ቫይረስ አይደለም። ዴንጊ የሚባዛው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ኒውክለሱን ከቦ ታይዋለሽ። ቦግ ያለው ኒውክለሱ ውስጥ ከሆነ ተጠራጠሪ፣ ምክንያቱም ተራ ዲኤንኤ ቢከን ሴል ውስጥ ሲገባ ወደ ኒውክለስ ይሮጣል፣ ኑክሌስ የሚባለው የሴሉ ኢንዛይምም ይቆራርጠዋል፣ ያኔ ፋሙ ከኩዌንቸሩ ይለያይና ምንም ሳያገኝ ያበራል። ዋጋው ቢጨምርም ኑክሌስ በቀላሉ የማይቆርጠውን፣ 2-ፕራይም-ኦ-ሜቲል የሚባለውን ቢከን እዘዢ። በቫይረሱ ያልተያዘ ሴልና ከዴንጊ ጋር የማይገጥም ቢከን ሁሌ ጎን ለጎን ስሪ፣ ዲፌንሴ ላይ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የመጣው ፈታኝ) "ይሄ ባክግራውንድ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ" ሲለኝ ሁለቱን ምስል አጠገብ ለአጠገብ ከፍቼ አሳየሁትና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ፣ በዛ ስላይድ ዛሬም እኮራለሁ።

ፕሮፖዛልሽ ላይ የቫይረሱን ቅርጽ አያለሁ ብለሽ እንዳትጽፊ። ዴንጊ 50 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ተራ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር በታች አይለይም፣ የምታይው የብርሃን ነጥብ ነው። ደብዳቤውን ከፈለግሽ ኢንቦክስ በይኝ፣ ኮፒው አለኝ።