የደሴ ምሽት በካሜራ

ጥያቄ፦ ማይክል ማን እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራውን፣ ጄምስ ካን ካዝና ሰባሪ ሆኖ የተወነበትን «ቲፍ» አይተን በዚያ መንፈስ አጭር ፊልም ጀመርን። ፒያሳ ላይ በማታ ስንቀርጽ ግን አስፋልቱ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ የሱቆቹም መብራት ይርገበገባል። ምን ይሻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ የዚያ ፊልም የቺካጎ ጎዳናዎች የሚያብረቀርቁት ሆን ተብሎ ውሃ ስለተረጨባቸው ነው። ደረቅ አስፋልት ብርሃን ይውጣል። ለ10 በ5 ሜትር ቦታ ባለ20 ሊትር አምስት ጀሪካን ያዙ፤ ግማሹን አስቀድማችሁ አርከፍክፉ፣ አስፋልቱ ከጠጣ በኋላ ቀሪውን ቀረጻው ሊጀመር ሲል ጨምሩ። ደሴ ዳገት ስለሚበዛባት ውሃው ቶሎ ይወርዳልና ሜዳማ ቦታ ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነማ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ውሃ ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም። ዋናው መብራት ከተዋናዩ ጀርባ ሆኖ ወደ ካሜራው መዞር አለበት። ከካሜራው በኩል ከመጣ ነጸብራቁ ወደ ፊት ያመልጥና እርጥቡ መንገድ ከደረቁ ብሶ ይጠቁራል። የቆመ ባጃጅ የፊት መብራት ለዚህ ይበቃል። ካሜራውን እስከ ጉልበት ዝቅ አድርጉት፤ የብርሃኑ መስመር ይረዝማል።

መርገብገቡ የሚመጣው የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ሆኖ ሳለ ካሜራው ለ60 ሲዘጋጅ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉ። አይኤስኦንም (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) በአውቶማቲክ አትተዉት፤ ጨለማውን ላብራ እያለ ምስሉን ያሻክረዋል። ብርሃኑን ስትለኩ የሱቁ መብራት ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አድርጉ፣ ፊት ቢጨልም ይጨልም። እንዲህ ያለ ፊልም ውበቱ ጥላው ላይ ነው።