ብክለቱን ወደ ታች ያወረደው ጉድጓዱ ራሱ እንዳይሆን

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሮ ነዳጅ ማደያ የነበረ ቦታ ላይ በኦገር (እየዞረ አፈር በሚያወጣ መሰርሰሪያ) አንድ ጉድጓድ ቆፍራችኋል፣ ከላይ 2 ሜትር ያህል አፈሩ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፣ ከዛ 4 ሜትር ድርቅ ያለ ሸክላ አፈር፣ ከሱ ስር አሸዋና ውሃ፣ ላብራቶሪው ደሞ የታችኛው ውሃ ውስጥ የነዳጅ ኬሚካል አገኘ። አሁን "የታችኛው ውሃ ተበክሏል ብለን ሪፖርት እንጻፍ ወይ?" ነው ያልከው።

ገና አትጻፉ። ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ ቱቦ) ሳታወርዱ በአንድ ቁፋሮ ከላይ እስከ ታች ከሄዳችሁ ኦገሩ የተበከለውን አፈር ይዞ ነው የወረደው፣ ከላይ ያለውም እርጥበት በጉድጓዱ ግድግዳ እየተንጠባጠበ ወርዷል። ቤንዚንም ናፍጣም ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይሰምጡም፣ ስለዚ 4 ሜትር ሸክላ አልፎ ታች መገኘቱ ያጠራጥረኛል። አይቻልም እያልኩ አይደለም፣ ሸክላው ስንጥቅ ካለው ወይ የተረሳ የድሮ ጉድጓድ አጠገቡ ካለ ውሃ ውስጥ የሟሟው ሊወርድ ይችላል። ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ስራ ፈትሹ።

ከሁሉ በፊት ያ ጉድጓድ ዛሬ ነገ ሳትሉ ይደፈን፣ ክፍት በቆየ ቁጥር ቱቦ ሆኖ ብክለቱን እያወረደው ነው። ሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) በጥብጣችሁ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አውርዳችሁ ከስር ወደ ላይ ሙሉት፣ ከላይ ከደፋችሁት መሃል ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል።

ከዛ ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ አዲስ ቆፍሩ። እዚህ ጋ ነው ትዕግስት የሚያስፈልገው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ሰፋ ባለ ኦገር ሸክላው ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ግቡና አቁሙ፣ ኬሲንግ አስገቡ፣ ዙሪያውን ግራውት (ያንኑ የሲሚንቶና ቤንቶናይት ብጥብጥ) አድርጉና ቢያንስ 24 ሰአት ተዉት፣ እስኪጠነክር። ከዛ ውስጡን አጽድታችሁ በአነስተኛ ኦገር በኬሲንጉ ውስጥ ቀጥሉ። እኔ አንዴ ዝናብ መጣብን ብዬ ይሄን ቀን ዘልዬ አውቃለሁ፣ ግራውቱ ሳይያዝ ቆፈርንበትና ጉድጓዱን እንዳለ ጣልነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እቃው በሙቅ ውሃ ፕሬዠር ይታጠብ፣ በየጉድጓዱ መሃል። የሮዱ (ኦገሩን የሚይዘው ዘንግ) ጥርስ ላይ ግሪስ አትቀቡ፣ ግሪስ ራሱ ላብራቶሪ ላይ ነዳጅ መስሎ ይወጣል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀረው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦ በጥርስ የሚገጥም ይሁን፣ ማጣበቂያ ከተጠቀማችሁ ሶልቨንቱ (ማሟሚያ ኬሚካሉ) ውሃው ውስጥ ይገባል። ደሞ የታጠበው ሳምፕለር (ናሙና መውሰጃ) ላይ ንጹህ የላብራቶሪ ውሃ አፍስሳችሁ እሱንም በጠርሙስ ላኩት፣ እዛ ውስጥ ነዳጅ ከተገኘ ጥፋቱ የእቃው ነው ማለት ነው።

ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው የቱቦ ክፍል) አሸዋው ላይ ብቻ ይቀመጥ፣ ዙሪያው የፊልተር አሸዋ፣ ከሱ በላይ ቤንቶናይት። ውሃው ጥርት እስኪል ጉድጓዱን አጥባችሁ ጥቂት ቀን ይረፍ። ሳምፕል ስትወስዱ ፓምፑን ቀስ አድርጉት፣ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በታች፣ ፒኤቹና (የአሲድነት መጠኑና) ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ሲረጋ ነው የሚቀዳው። 40 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ጢም ብሎ ይሞላ፣ ስትገለብጡት አረፋ እንዳይታይ፣ ከዛ በረዶ ውስጥ። በባልዲ ቀድታችሁ ከገለበጣችሁት ኬሚካሉ አየር ላይ ይቀራል፣ ውሃው ንጹህ ይመስላችኋል።

ሁለት ጊዜ ለክታችሁ፣ በሳምንታት ልዩነት፣ ሁለቴም ንጹህ ከሆነ የመጀመሪያውን ውጤት ያመጣው ቁፋሮው ነው ማለት ነው። አሁንም ካለና የእቃ እጥበቱ ውሃ ንጹህ ከሆነ ግን ብክለቱ እውነት ነው፣ ያኔ ሁለት ጉድጓድ ጨምሩና ሶስቱን በሶስት ማዕዘን አስቀምጡ፣ የውሃውን ከፍታ አወዳድራችሁ ወዴት እንደሚፈስ የምታውቁት በዛ ነው። በአንድ መስመር ከደረደራችኋቸው አቅጣጫው አይገኝም።